ጉልበቱ አልቆመም ነበር፦ የአንድ የጎንደር ባጃጅ ሹፌር የስልጠና ደብተር

በየካቲት 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከማሠለጥናቸው ወጣቶች አንዱ ብረት ማንሳቱን ሊተው ቆርጦ ነበር። ክፍያው አልከበደውም፤ አልሰነፈምም። «ኮች፣ ከገና ወዲህ አንድ ኪሎ አልጨመርኩም። እንዲያውም እየወረድኩ ነው» አለኝና ደብተሩን ዘርግቶ አሳየኝ። የተጻፈው እንዳለው ነበር። በታኅሣሥ ስኳት (ባሩን ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጭ ብድግ ማለት) 80፣ በጥር መጨረሻ 75፣ ሁዳዴ ከገባ በኋላ 72.5፣ ቀጥሎ 70። ቁጥሩ እንዲህ እየቀነሰ የሚሄድበት ሰው ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም።

ጉዳዩን በዝርዝር የምጽፈው ልጁን ከጂም ሊያስወጣው የደረሰውም፣ በኋላ እንዲቆይ ያደረገውም ያው አንድ ደብተር ስለሆነ ነው። «ደብተር ያዝ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ አሠልጣኞች ሁላችንም እንላለን። ምን እንደሚጻፍበት ግን ብዙም አይነገርም፤ እኔ እንዳየሁት ደግሞ ጥቅሙም ጉዳቱም ያለው እዚያ ላይ ነው። የልጁን ስም አልጠቅስም፤ ቁጥሮቹን እንድጠቀምባቸው ግን ፈቅዶልኛል።

ልጁና ሥራው

ዕድሜው 26 ነው። ከፒያሳ ወደ ማራኪና ወደ ኮሌጅ ባጃጅ ይሠራል። ባጃጇ የሰው ናት፤ ለባለቤቷ በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፣ ከገቢውና ከነዳጅ የተረፈው የእሱ ነው። ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ማታ ሁለት ሰዓት ግድም ይገባል። መሪውን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ ስለሚውል ወገቡን ያመው ነበር። ሐኪም አይቶት የተጎዳ ነገር እንደሌለና ጡንቻውን ቢያጠነክር እንደሚሻለው ነግሮታል። ወደ ጂም ያመጣው ይኸው ነው። ትከሻው ሰፋ እንዲልለትም ይፈልግ ነበር፤ ይህንንም አልደበቀኝም።

በመስከረም ሲጀምር 63 ኪሎ ይመዝን ነበር። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ተሳፋሪ በሚቀንስበት 9 ሰዓት ላይ ይመጣል። ፕሮግራሙ ቀላል ነው፦ ስኳት፣ ቤንች (በጀርባ ተኝቶ ባሩን ከደረት ወደ ላይ መግፋት)፣ ዴድሊፍት (ባሩን ከመሬት ማንሳት)፣ በመጨረሻም ጎንበስ ብሎ ባሩን ወደ ሆድ መሳብ። እያንዳንዱ ሦስት ዙር፣ በየዙሩ አምስት ጊዜ። ሦስቱም ዙር ሳይጎድል ከተሠራ በሚቀጥለው ጊዜ 2.5 ኪሎ ይጨመራል።

መጻፍን ያስተማርኩት እኔ አይደለሁም። የቀን ሒሳቡን የሚይዝበት ባለ 50 ሉክ ደብተር ከባጃጇ አይጠፋም፤ ከፊት በኩል ነዳጅ፣ ገቢ፣ ጎማ፣ የተረፈ እያለ ይጽፋል። ብረቱን ደብተሩን ገልብጦ ከኋላ በኩል ጀመረው። ይህ ልጁ ካለው ነገር ሁሉ ትልቁ ሀብት ነበር ብዬ አምናለሁ። ሌሎች ሠልጣኞች ሁለት ሳምንት ጽፈው ሲተዉ እሱ የማይተወው፣ ማታ ሒሳቡን ሊዘጋ ሲቀመጥ የብረቱን ገጽ አብሮ ስለሚያየው ነው። አዲስ ልማድ ከቆየ ልማድ ጎን ሲቀመጥ ይጸናል። ስልክ ላይ ጻፍ ብዬውም አላውቅም። ላብ በነካው እጅ ስልክ አይነካም፣ ባትሪው ለደንበኛ ጥሪ ያስፈልገዋል፤ ደግሞም አንዴ ስልኩ ከተከፈተ ቴሌግራም ውስጥ ገብቶ የዕረፍቱ ሁለት ደቂቃ አሥር ይሆናል።

ደብተሩ የያዘውና ያልያዘው

የመጀመሪያዎቹ ገጾች እንዲህ ነበሩ፦ «ሰኞ። ስኳት 60። ቤንች 40።» ከዚህ ሌላ የለም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ቁጥሩ በየሳምንቱ ይጨምራል፤ እሱም በዚህ ተደስቶ ነበር። ይህ እድገት የሚጠበቅ ነው። ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብርቱ የሚሆነው ጡንቻው ስለወፈረ ሳይሆን፣ በአብዛኛው የነርቭ ሥርዓቱ ያለውን ጡንቻ በቅጡ ማሠራት ስለሚማር ነው። ጡንቻው ራሱ የሚያድገው ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ከሦስትና ከአራት ወር በኋላ ፍጥነቱ መቀነሱ አይቀርም፤ ማንም ይህን አስቀድሞ ካልነገረው ሰው የቀነሰውን ፍጥነት እንደ ውድቀት ይቆጥረዋል። የልጁ ቁጥር ግን ፍጥነቱ ብቻ አይደለም የቀነሰው፣ ወደ ታች ነው የሄደው። ይህ ሌላ ማብራሪያ ይፈልግ ነበር።

መጀመሪያ የጠየቅኩት «80ውን ስንት ጊዜ ነው ያነሳኸው?» ብዬ ነው። አምስት እንደሆነ አስታወሰ፤ ስለ ሌሎቹ ቀናት ግን እርግጠኛ አልነበረም። ክብደት ያለ ድግግሞሽ ግማሽ ወሬ ነው። ዛሬ በየጂሙ የምንሠራበትን ክብደትን ቀስ በቀስ የመጨመር ዘዴ በሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ወታደራዊ ሐኪም ቶማስ ደሎርም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ የተጎዱ ወታደሮችን ጉልበት በክብደት ሲያጠነክር፣ መለኪያው አንድ ሰው ልክ 10 ጊዜ ሊያነሳው የሚችለው ክብደት ነበር፤ ሥራውንም በ1945 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ያኔም ቢሆን ኪሎና ድግግሞሽ ተለያይተው አልተጻፉም።

ለልጁ ያሳየሁት ሒሳብ በአሠልጣኞች ዘንድ የታወቀው የኤፕሊ ቀመር ነው። ክብደቱን፣ ድግግሞሹ ለ30 ተካፍሎ አንድ ሲደመርበት በሚመጣው ቁጥር ታባዛለህ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ልታነሳው የምትችለውን ክብደት ይገምትልሃል። 75 ኪሎ አምስት ጊዜ 87.5 ይሰጣል። 70 ኪሎ ስምንት ጊዜ ደግሞ ከ88 በላይ። ባሩ ላይ ያለው ብረት ቀንሶ ሰውየው ግን በርትቶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ግምት ነው፤ ድግግሞሹ ከአሥር ካለፈ ብዙም አይታመንም። ሁለት ገጽን ለማወዳደር ግን ይበቃል።

ብረቱን ስንመዝን

ከዚያ ወዲያ ያለውን የደረስኩበት ከጥምቀት በኋላ ያሉትን ገጾች ሳይ ነው። ስኳቱ በአምስት ኪሎ የወረደበት ሳምንት ቤንቹ በአምስት ኪሎ ወጥቷል፦ ከ50 ወደ 55። እግሩ ደክሞ ደረቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲህ የሚበረታበት ምክንያት አልታየኝም። ልጁ በጥምቀት ሰሞን ጭራሽ አልሠራም፤ ከተማው በእንግዳ ሲሞላ የባጃጅ ሹፌር እንኳን ለጂም ለምሳም ጊዜ የለውም። ተመልሶ ሲመጣ ግን በጂሙ ውስጥ ዕቃው ቦታ ተቀያይሮ ነበር። የስኳቱ ባር ወደ ቤንቹ፣ የቤንቹ ባር ወደ ስኳቱ ሄዷል።

አንደኛው ባር ከውጭ የመጣ ነው፤ ባለ 20 ኪሎ። ሌላው እዚሁ ብየዳ ቤት የተሠራ ነው። በዓይን ሲታዩ ያን ያህል አይለያዩም፣ ሁሉም ሠልጣኝ ሁለቱንም እኩል 20 እያለ ይቆጥር ነበር። ከአንድ እህል ነጋዴ ሚዛን ተውሰን መዘንናቸው። የብየዳ ቤቱ ባር፣ እስከ ጥምቀት ስኳት ይሠራበት የነበረው፣ 14 ኪሎ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ ገጾቹን አንድ በአንድ አረምናቸው። የታኅሣሡ 80 በእርግጥ 74 ነበር። የጥር መጨረሻው 75 ግን እውነተኛ 75 ነው። ልጁ አምስት ኪሎ ወረድኩ ያለበት ቀን አንድ ኪሎ የጨመረበት ቀን ነበር። ቤንቹ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ፤ የኮራበት 55 ሲታረም 49 ሆነ፣ ከታኅሣሡ 50 በአንድ ኪሎ የሚያንስ። ይህኛውን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። እኔ ግን ሁለቱንም እኩል ማወቁ ነው የሚጠቅመው ብዬ አምናለሁ፤ የሚያስደስተውን ብቻ የምታርምለት ከሆነ ደብተሩን መልሶ አያምነውም።

ፕሌቶቹንም፣ ባሩ ላይ የሚገቡትን ክብ ብረቶች፣ መዘንናቸው። ልዩነታቸው ትንሽ ነው፤ ትክክለኛ ክብደታቸውን በነጭ ቀለም ጻፍንባቸው። ከውጭ የመጣውን ባር «ሀ»፣ የብየዳ ቤቱን «ለ» አልናቸው፤ በልጁ ደብተርም ከኪሎው አጠገብ ሁልጊዜ አንዷ ፊደል ትጻፋለች። አገር ውስጥ በተሠራ ብረት የሚሠለጥን ሰው ሁሉ ይህን ቢያደርግ እወዳለሁ። ብየዳ ቤቱ ምንም ጥፋት የለበትም፤ ጠንካራ ባር ነው የሠራው። ክብደቱን ገምተን የቆጠርነው እኛ ተጠቃሚዎቹ ነን።

ሁዳዴ

ባሩ ከ80 ወደ 75 የወረደውን አስረዳ። ከ75 ወደ 70 የወረደውን ግን አላስረዳም፤ ያ ሁሉ በአንድ ባር፣ በ«ሀ»፣ የተሠራ ነው። ቀኖቹን ስናይ መውረዱ የጀመረው ሁዳዴ በገባበት ሳምንት፣ ከየካቲት 17 በኋላ ነው። ልጁ እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምስም። ጂም የሚመጣው ደግሞ 9 ሰዓት ላይ፣ ሳይበላ ነው። ከንጋት ጀምሮ ውኃም ሳይጠጣ ሲነዳ ውሎ በቀጥታ ባሩ ሥር ይገባ ነበር።

እናቱ ብረቱን እንዲተው ይፈልጉ ነበር። ቤታቸው ስሄድ «ልጄ፣ ጾሙ ይበቃዋል፤ ብረቱ ፋሲካ ይድረስለት» አሉኝ። «እማማ፣ እንዲጾም ነው የምረዳው» አልኳቸው። ጾሙን እንዲያቀልል ጠይቄው አላውቅም፤ አሠልጣኝ በዚህ መግባት የለበትም ብዬ አምናለሁ። መቀየር ያለበት ሰዓቱ ነበር። ማታ ከበላ በኋላ እንዳይመጣ ከ11 ሰዓት በኋላ ተሳፋሪ የሚበዛበት ጊዜ ነው፤ ገቢው ይጎድልበታል። መፍትሔው ከጾሙ ሥርዓት ራሱ ተገኘ። ቅዳሜና እሁድ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይከለከላል እንጂ እስከ 9 ሰዓት መቆየት የለም። ስለዚህ ስኳቱን ቅዳሜ የገበያው ግርግር ካለቀ በኋላ ማታ፣ ቤንቹን እሁድ ከቅዳሴ ተመልሶ ቁርስ በልቶ አደረግነው። ረቡዕ ቀለል ያለ ክብደት ብቻ፣ እንቅስቃሴው እንዳይረሳ ያህል።

በደብተሩም አንድ ዓምድ ጨመርን፦ «የበላሁት»። ግራም አንለካም፤ በቃል ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ 49 ጥናቶችን ያጣመረ ትንተና፣ ለጡንቻ እድገት ፕሮቲን የሚጨምረው ጥቅም በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም አካባቢ ላይ እንደሚያበቃ አሳይቷል። ለእሱ 100 ግራም ገደማ ማለት ነው። በጾም ይህን መሙላት ከባድ ነው እንጂ ምግቡ ጠፍቶ አይደለም። 100 ግራም ደረቅ ምስር 25 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ ሽምብራ 20 ገደማ፣ ለውዝ 25 ገደማ፣ የጤፍ ዱቄት 13 ያህል። የጎደለው ብዛቱ ነበር። እናቱ የሽምብራ ቆሎና ለውዝ ቀላቅለው በላስቲክ ይቋጥሩለት ጀመር፤ ከ9 ሰዓት በኋላ መሪው ሥር አስቀምጦ እየቆረጠመ ይነዳል። ማታ ከሽሮው ጎን ምስር ወይም ፉል ይጨመራል። ብረቱ ይቅር ያሉት እናት ቆሎውን ሳይረሱ በየጠዋቱ ያቀብሉት ነበር።

መጋቢትን ሙሉ ቁጥሩ ቀስ እያለ ተመለሰ፦ 72.5፣ 75፣ ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ 77.5፣ ሁሉም አምስት አምስት ጊዜ፣ ሁሉም በ«ሀ»። በሰሙነ ሕማማት ጂም አልመጣም። ገጹን ግን ባዶ አልተወውም። በየቀኑ «ስግደት» ብሎ ጽፏል፤ በስቅለት ማግስት «ስግደት፣ ጭኔ አልታዘዝ አለኝ»። ያችን መስመር ስላየሁ ነው ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ክብደት ያልጨመርኩለት። ያልመጣበት ቀን ለምን እንዳልመጣ መጻፉ ከመጣበት ቀን ባልተናነሰ ይጠቅማል። መንገድ ተዘግቶ የቀረበት፣ ባጃጇ ተበላሽታ የቀረበት፣ ደክሞት የቀረበት ሁሉም ተጽፏል። ሲቆጠር ከስንፍና የቀረው በጣም ጥቂት ነበር። እሱ ግን ሰነፍ ነኝ ብሎ ያምን ነበር።

ቁጥሩ ሲያስጎመጅ

በግንቦት ሌላ ነገር መጣ። ደብተሩን ማመን ከጀመረ ወዲህ ለገጹ ሲል መሥራት ጀመረ። ስኳቱ በሦስት ሳምንት ከ80 ወደ 90 ዘለለ። በዚህ ደረጃ ያለ ሰው እንዲህ አይዘልም። ቆሜ ሳየው ጭኑ ከወለሉ ጋር ትይዩ ሳይሆን፣ ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ ይነሳል። ሆን ብሎ አላታለለም፤ ሰውነት ክብደት ሲከብደው መንገዱን ያሳጥራል፣ የሚጽፈው እጅ ደግሞ ይህን አያውቅም።

አንድ በርጩማ አመጣን፤ ሲቀመጥበት ጭኑ ትይዩ የሚሆንበት ቁመት ያለው። ከኋላው ይቀመጣል፣ በየድግግሞሹ ይነካዋል፣ ያልነካው ድግግሞሽ አይጻፍም። 90ው ወዲያው ወደ 80 ተመለሰ። ሌላም ጥያቄ ጨመርን፦ ዙሩ ሲያልቅ ስንት ይቀረኝ ነበር፣ ማለትም ስንት ጊዜ ተጨማሪ ማንሳት እችል ነበር? አምስት ሠርቶ ሁለት የሚቀረው ከሆነ «5፣ 2» ብሎ ይጽፋል። ይህ አጻጻፍ ብዙ ነገር ይከፍታል። 80 ኪሎ «5፣ 0» የነበረው ከሁለት ሳምንት በኋላ «5፣ 2» ቢሆን፣ ክብደቱ ባይጨምርም ልጁ በርትቷል፤ ኪሎውን ብቻ የያዘ ደብተር ግን ቆሟል ይለው ነበር።

አሁን ያሉት ዓምዶች ቀን፣ ባር፣ ኪሎ፣ ድግግሞሽና የቀረው፣ የበላው፣ አስተያየት ናቸው። እንቅልፍን ልጨምር ፈልጌ ትቼዋለሁ። አንድ ዓምድ የሚገባው የሚመልሰው ጥያቄ ሲኖር ነው፤ አለዚያ ሸክም ይሆንና መጻፉ ራሱ ይቀራል።

እንዲቆይ ያደረገው

ስለ ተነሳሽነት የተጻፈ ብዙ ነው፤ ከማውቀው ጠንካራ ማስረጃ አንዱን ብቻ ላንሳ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 138 ጥናቶችንና ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ያካተተ ትንተና፣ ወደ ግብ የሚደረገውን ጉዞ መከታተል ግቡን ለመድረስ እንደሚረዳ አሳይቷል፤ ውጤቱ በአካል ሲመዘገብ ወይም ለሌላ ሰው ሲገለጥ ደግሞ የበለጠ ይረዳል። ደብተሩና እኔ፣ ሁለቱም ነበሩት።

ልጁ ግን የቆየው በስኳቱ ብቻ አይመስለኝም። በሰኔ ከመስከረም ጀምሮ ያለውን አስተያየት አብረን አነበብን። በመስከረምና በጥቅምት ገጾች ላይ «ወገቤ» የምትል ቃል በየሳምንቱ ትደጋገማለች፦ «ወገቤ ዛሬም»፣ «ወገቤ ያዘኝ፣ ዴድሊፍት ተውኩ»። በኅዳር ትቀንሳለች። ከጥር በኋላ አንድ ቦታ ብቻ አለች፤ ያውም ባጃጅ ሲገፋ የዋለበት ቀን። መጥፋቷን አላስተዋለም ነበር። ሕመም ሲመጣ ይታወቃል፣ ሲሄድ ግን ማንም አይሰናበተውም። ልጁ ገጾቹን ደጋግሞ ገለበጠና «ኮች፣ እኔ ለዚህ አልነበረም እንዴ የመጣሁት?» አለኝ። በየካቲት ሊተወው የነበረው፣ የመጣበት ነገር ከተሳካለት ወር ካለፈው በኋላ ነበር።

ከማራኪ የሚመጡ ተማሪዎች ጂሙ ውስጥ ከእሱ ብዙ የሚበልጥ ብረት ያነሳሉ። እሱ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ፣ በልቶም ሳይበላም ነው የሚመጣው። በመስተዋቱ ፊት ከእነሱ ጋር ሲተያይ ያፍር ነበር፤ አሁን ዕረፍቱን የሚያሳልፈው ባለፈው ሳምንት የጻፈውን መስመር እያየ ነው። እኔ ያየሁት ትልቁ ለውጥ ይህ ነው፤ ከኪሎው ሁሉ ይበልጥብኛል።

አሁን ያለበት

በሐምሌ ስኳቱ 87.5 ኪሎ፣ አምስት ጊዜ፣ በርጩማው ተነክቶ፣ በ«ሀ» ነው። በመስከረም 60 ብሎ የጻፈው ሲታረም 54 ነበር። የሰውነቱ ክብደት 66 ደርሷል። አንድ ሰው ነው፤ ከዚህ ተነስቼ ለሁሉ ይሠራል አልልም። ባሩ ባይቀያየር፣ ጾሙ ባይኖር ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር።

ያልተፈታው ቤንቹ ነው። 55 ላይ፣ አምስት ጊዜ፣ «5፣ 0» እያለ ሳምንታት አልፈዋል። እሱ መሪ ሲይዝ ስለሚውል ትከሻው ደክሞ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ሥራው ያነሰ ይመስለኛል፤ ለደረት ሦስት ዙር ብቻ አይበቃም ባይ ነኝ። ከመከራከር ሁለቱንም የሚለይ ነገር ለመሞከር ተስማማን። ቤንቹ የቀኑ መጀመሪያ ይሆናል፣ ከሦስቱ ዙር በኋላ በ45 ኪሎ ስምንት ስምንት ጊዜ ሁለት ዙር ይጨመራል። እሁድ፣ ባጃጅ ሳይነዳ፣ የሚሠራው ከረቡዑ ጋር ይወዳደራል። እሁድ ብቻ ከተሻለ የእሱ ግምት ያሸንፋል፤ ሁለቱም ቀን ከተሻሉ የእኔ። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ስለሚገባ «የበላሁት» የሚለውን ዓምድ ሳይረሳ እንዲሞላ፣ የእሁዱም ሥራ እንደ ሁዳዴው ከቅዳሴና ከቁርስ በኋላ እንዲሆን ተነጋግረናል። እስከ መስከረም የሚጻፈውን አይተን እንወስናለን።